«ሥራ»፣ «ግብር» እና «ሥርዐት»፦ ከቤተ ልሔም ጋይንት አካባቢ የታየ የአንድ ተራ ቃል ታሪክ

ስለ አማርኛ ቃላት የተጻፈው ሲታይ ትኩረቱ ይበልጡን ያረፈው በከበዱት ላይ ነው። የቅኔው ኅብር ቃል፣ የቤተ መንግሥቱ ማዕርግ፣ የአደባባዩ ሙግት በየጊዜው ተመራማሪ አግኝተዋል። ጧት ሲነሡ ማታ ሲገቡ የሚነገረው «ሥራ» ግን፣ ተራ በመሆኑ ይመስላል፣ ከመዝገበ ቃላት ዐምድ ወጥቶ ታሪኩ ሲመረመር እምብዛም አይታይም። ሆኖም ቃሉ ተራ ስለ ሆነ ታሪኩም ተራ ነው ማለት አይቻልም። ማን «ሠራ» እንደሚባል፣ የማን ድካም ደግሞ ሌላ ስም እንደሚሰጠው፣ ወይም ጨርሶ ስም እንደማይኖረው፣ የሚወሰነው በዚሁ ቃል አጠቃቀም ነው።

ለዚህ ምርመራ ጋይንትን፣ በተለይም ቤተ ልሔምን መነሻ ማድረጋችን ያለ ምክንያት አይደለም። አካባቢው ከስማዳና ከእስቴ ጋር በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኝ፣ ገበሬው ከተራቆተ ተዳፋት ጋር ሲታገል የኖረበት አገር ነው። በዚያው አገር ላይ ከየአውራጃው የመጣ ተማሪ ድጓ የሚያስመሰክርበት የዜማ ማእከል ቆሟል። አራሽና አገልጋይ፣ ፈታይና ለማኝ ተማሪ አጥር ለአጥር በሚኖሩበት ቦታ «ሥራ» የሚለው ቃል ለማን ተሰጥቶ ለማን እንደ ተነፈገ ለመመልከት ይመቻል።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ሥር ጥቂት እንበል። በግእዝ «አደረገ»፣ «ሠራ» ለማለት ዋናው ግሥ «ገብረ» ነው። «ግብር» ሥራ ነው፤ «ተግባር»ም እንዲሁ። «ሠርዐ» ግን ሌላ ነው፤ አሰናዳ፣ በየተራው አቆመ፣ ደነገገ ማለት ነው። «ሥርዐት» የወጣው ከዚህ ነው። አማርኛ የጕሮሮ ድምፆችን ሲጥል «ሰምዐ» «ሰማ»፣ «በልዐ» «በላ»፣ «ነሥአ» «ነሣ»፣ «መጽአ» «መጣ» ሆነው፣ በሁሉም መካከለኛው ፊደል ጠብቆ ቀርቷል። «ሠርዐ»ም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ «ሠራ» ሆነ። በድምፁ በኩል የሚያስቸግር ነገር የለም። የሚያስገርመው የትርጉሙ ጉዞ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ለዕለት ድካሙ የግእዙን «አደረገ» ትቶ «ሥርዐት አስያዘ» የሚለውን ግሥ አነሣ፤ ጭቃውን ከውኃ፣ እንጨቱን ከልጥ፣ ዘሩን ከወቅቱ ጋር ማሰናዳት «መሥራት» ተባለ። «ገብረ» ደግሞ በፈንታው ወደ ጌታው ቤት ሄደ። «ገበረ» ማለት በአማርኛ ግብር ከፈለ፣ አልፎም ተሸንፎ ገባ ማለት ሆነ። ሁለቱ ግሦች ቦታ ተለዋወጡ ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ከዚህ የተነሣ አንድ ሥር በአማርኛ ሁለት ጊዜ ይገኛል። «ሥራ» በሕዝብ አፍ ተለውጦ የመጣው ነው፤ «ሥርዐት» ከመጻሕፍት ሳይለወጥ የተወሰደው። «የመሬት ሥሪት» የሚለው ሐረግም ከዚህ ቤት ነው፤ መሬት ለማን እንዴት እንደ ተደለደለ ይናገራልና የጥንቱን «ሠርዐ» ጠረን ከሁሉ ይልቅ የያዘ እርሱ ሳይሆን አይቀርም። በነገራችን ላይ የስሙና የትእዛዝ አንቀጹ ቅርጽ አንድ በመሆኑ «ሥራ ሥራ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ የመጀመሪያው ስም፣ ሁለተኛው ትእዛዝ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ስለ ሰንበት የተነገረውን ሲያስቀምጥ «ሥራ»ን ለትእዛዙ፣ «ተግባር»ን ለስሙ መድቦ ድግግሞሹን አምልጧል። የተርጓሚዎቹ ጆሮ ጥሩ ነበር።

ወደ ቤተ ልሔም እንመለስ። በትውፊቱ መሠረት በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ዝማሬንና መዋሥዕትን የደረሰው በዚያው በጋይንት በዙር አምባ ነው። ቤተ ልሔም ደግሞ በግራኝ ጦርነት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1529–1543) ድጓ ከመጥፋት የዳነባት ቦታ ተደርጋ ትተረካለች። ከዚያም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማው ምልክት እንደ ሠሩለት ይነገራል። እዚህ ላይ «ሠሩ» የሚለው ቃል የጥንት ትርጉሙን መልሶ ያገኛል፤ ምልክቱ ዜማውን ፈጠረ ሳይሆን ሥርዐት አስያዘ ነውና። ሕንጻውም ራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1955 ወደዚያ የዘለቀው ቶማስ ፓከንሃም ከውጭ ሲያዩት እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ሆኖ በሣር ከተከደነው ጣራ ሥር፣ በድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ለውጭው ዓለም አስተዋውቋል። ለአገሩ ሰው ግን የተደበቀ ነገር አልነበረም።

ድጓ በባሕርዩ የሥርዐት መጽሐፍ ነው። ዮሐንስ፣ አስተምሕሮና ፋሲካ ተብሎ ተከፍሎ፣ የትኛው ቃል በየትኛው ዕለት፣ በግዕዝ ወይም በዕዝል ወይም በአራራይ እንደሚዜም ይደነግጋል። ይህን ሁሉ የሚሸከም ሰው ግን በአማርኛ «ሠራ» አይባልም። ካህኑ «ቀደሰ»፣ ደብተራው ማኅሌት «ቆመ»፣ መምህሩ «ወንበር ዘረጋ»፣ ተማሪው «ቀለም ቆጠረ» ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያ ተደግፎ የዋለ ያደረ ሊቅ በነጋታው «ሥራ ላይ ነበርሁ» ቢል ሰሚው ያዝናል ወይም ይሥቃል። የእርሱ «አገልግሎት» ነው። በአንጻሩ «ግብር» የተባለው የግእዝ ቃል የጥንት ፍቺውን ይዞ የቀረው በዚሁ በቤተ ክህነት ነው፤ ዲያቆን የሚሆነው ልጅ የሚማረው «ግብረ ዲቁና» ይባላል፣ የዲቁና ሥራ ማለት ነው። ስለዚህ የሥርዐትን ቃል ገበሬው ለእርሻው ወሰደው፤ የሥራን ቃል ካህኑ ለሥርዐቱ ጠበቀው።

በቤተ ክህነት ለዕለት ተዕለቱ ተግባር የወጣው ሌላው ስም «ሰሞን» ነው። ከግእዙ «ሰሙን» የመጣ፣ ሳምንት ማለት ነው። ካህናት በተራ እየገቡ ሳምንቱን ሲያገለግሉ ባለ ተራው «ሰሞነኛ» ይባላል። ለዚሁ አገልግሎት የተተከለውም መሬት «የሰሞን መሬት» ይባል ነበር። ቃሉ በከተማ አፍ የደረሰበትን ስንመለከት ያስደንቃል፤ ዛሬ «ሰሞነኛ» የሚባለው የሳምንት ወሬ፣ መጥቶ ሄያጅ ነገር ነው። ተራን ጠብቆ ዘወትር የሚመለሰውን ያመለክት የነበረው ቃል የማይመለሰው ነገር ስም ሆኗል።

የተማሪው ኑሮ ከሁለቱም ወገን የወጣ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ተሸክሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚቀፍፈው ልጅ ከአባቱ ማሳ ጠፍቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከወላጆቹ አንጻር ሥራ ትቶ ሄዷል። ነገር ግን ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ የደሳሳ ጎጆውን ክዳን ይጠግናል፣ የኔታን ያገለግላል፣ ከዚያ በኋላ ቀለሙን ይዞ ያመሻል። የድጓ ተማሪ ሲሆን መጽሐፉን ራሱ መጻፍ ይገባዋልና ብራና መዳመጥ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ብርዕ መቅረጽ ይጨመርበታል። ይህ የመጨረሻው «የእጅ ሥራ» ተብሎ ስም አለው። የቀረው ሁሉ «ተማሪነት» በሚለው አንድ ቃል ተጠቅልሎ ይቀራል። አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉትና እ.ኤ.አ. በ1970 መንግሥቱ ለማ በእንግሊዝኛ ተርጉመው ያወጡት፣ እንዲሁም መንግሥቱ ራሳቸው የአባታቸውን የአለቃ ለማን ትዝታ ይዘው ያሳተሙት መጽሐፍ ዋጋቸው ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ የጽሑፍ ምስክር መሆናቸው ነው።

በገበሬው በኩል «ግብር» የመጣበት መንገድ ሌላ ነበር። ከአንድ ሥር «ገበሬ»፣ «ገባር»፣ «ግብርና» ተወልደዋል፤ ከዚያው ሥር «ግብር አገባ» (ከፈለ) እና «ግብር አበላ» (አዳራሽ ሙሉ ሰው ጋበዘ) ተወልደዋል። እህሉ በአንድ ስም ከገበሬው ጎተራ ወጥቶ በዚያው ስም በጌታው ገበታ ላይ ይቀርባል። ገበሬው በራሱ ማሳ ላይ ሲውል «ሠራ»፤ ፍሬውን ሲያስረክብ «ገበረ»። ቋንቋው ሁለቱን መለየቱ ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ድካሙ የራስ የሚሆንበትና የሌላ የሚሆንበት ቅጽበት በግሥ ተለይቷልና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ «ገባር» እና «ጭሰኛ» የታሪክ ቃላት ሆኑ፤ «የሰሞን መሬት»ም አብሮ ቀረ። «ግብር» ግን አልቀረም። የቀረጥና የታክስ ቢሮው ወረሰው።

የቃሉ ወሰን ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በበዓል ቀን ነው። በወር በወር በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር ይውላሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ሁሉም ቦታ ሁሉም እኩል አይከበርም፤ የደብሩ ታቦት ማን መሆኑ ይወስናል። ሥራ ክልክል ነው ሲባል ግን የትኛው ሥራ? ማረስ፣ ማረም፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ከሴቶቹ በኩል መፍጨትና መፍተል። እነዚህ በውል «ሥራ» ናቸው። ውኃ መቅዳት፣ እሳት ማንደድ፣ ወጥ መሥራት፣ እንጀራ መጋገር፣ ልጅ ማዘል፣ ከብት ማገድ አልተከለከሉም። ሊከለከሉም አይችሉም፤ ሰው ይራባልና፣ ከብትም ይጠፋልና። ነገር ግን ባለመከልከላቸው ከ«ሥራ» ዝርዝር ወጡ። ባል በበዓል ቀን «ሥራ የለም» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ከደጀ ሰላም ሲውል ንግግሩ በቋንቋው ሕግ ትክክል ነው፤ ሚስቱ ግን በዚያው ቀን ከምንጭ ተመልሳ ምጣድ አስምታለች። እርሷ በቋንቋው ሕግ አልሠራችም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የሰንበታት ክብር ሲጸና የተከራከሩት ሊቃውንት ስለ ቀዳሚት ብዙ ተናግረዋል፤ ስለ እንስራው ግን ክርክር አልተነሣም።

ለሴቲቱ ድካም አማርኛ ያዘጋጀው ቃል «ሙያ» ነው። «ባለ ሙያ» ሲባል በገጠርም በከተማም ጠላዋ የማይበላሽ፣ ወጧ የሚጣፍጥ ሴት ትታሰባለች። ለወንድ ሲሆን ቃሉ ወደ ጀግንነት ያዘነብላል፣ «ሙያ በልብ ነው» እንደሚባለው። የኋለኛው ዘመን ደግሞ ለሐኪሙና ለመሐንዲሱ ሰጥቶታል። «ሙያ» ምስጋና ነው፤ ዋጋ የሚጠየቅበት አይደለም። በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ግቢ ግን የወጥና የእንጀራ ክፍሉ ከነሴቶቹ «ሥራ ቤት» ይባል ነበር። በገዛ ጓዳዋ ሙያ የተባለው በጌታ ግቢ ሥራ ይባላል ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ወጡ አይደለም፤ የሚበላው ሰው ነው።

ምሳሌያዊ ንግግሮቹም አንድ ነገር ያመለክቱናል። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለው ሁሉ የሚያውቀው ቀልድ የቆመው «ፈታ» በሚለው ግሥ ላይ ነው። ገበሬ ማታ በሬውን ይፈታል፤ ባል ሚስቱን ይፈታል፤ ሰው ሥራ ይፈታል። ሦስቱንም ያያዛቸው ማሰሪያ ነው፤ ቀንበር፣ ቃል ኪዳን፣ ሥራ። እንግዲህ በዚህ አነጋገር ሥራ የሚፈለግና የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ ሰው ከመነሻው የታሰረበት ነው፣ ከፈታው ጥፋቱ የራሱ ነው። «ሥራ ፈት» ስድብ የሆነውም ለዚህ ነው። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለው «አጣ»ን ይጠቀማል፤ ነገር ግን እዚህም ያጣው የሚነካካውን ነው እንጂ እንጀራውን አይደለም። ደመወዝ የሚከፈልበት ቦታ ሲበዛ፣ ከተማውም ተማሪውን ሁሉ ማስገባት ሲያቅተው «ሥራ አጥ» የሚል አዲስ ውሕድ ቃል አስፈለገ። በ«ፈት» እና በ«አጥ» መካከል ያለው ርቀት በጣም ሰፊ ነው፤ የመጀመሪያው ይወቀሳል፣ ሁለተኛው ይታዘንለታል። አባት ልጁን በስንተኛው እንደሚጠራው መስማት የቤቱን ሁኔታ ይነግራል።

አብዮቱ ለዚህ ቃል የተለየ ፍቅር ነበረው። «ላብ አደር»፣ «ወዝ አደር»፣ «ሠርቶ አደር» የሚሉት ስሞች በአንድ ትውልድ ውስጥ ተፈጥረው ተፎካከሩ። «ወዝ ሊግ» የተባለ ድርጅት ተነሣ፤ «ሠርቶ አደር» የፓርቲው ጋዜጣ ስም ሆነ። በሦስቱም «አደር» ያለው በአጋጣሚ አይደለም፤ «አዳሪ»፣ «ወታደር» እንደሚባለው፣ በምን እንደሚያድር፣ በምን እንደሚኖር ሰውየውን መሰየም የቆየ የአማርኛ ልማድ ነው። በመጨረሻ ያሸነፈው ግን ቀላሉ «ሠራተኛ» ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. የተመሠረተው ፓርቲም በእርሱ ተጠራ፣ ኢሠፓ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ አንድ ነገር አለ። በከተማ ቤት ውስጥ «ሠራተኛ» ተብሎ ያለ ቅጽል ሲነገር ማንም የፋብሪካ ሰው አያስብም። «ሠራተኛ ቀጠርን»፣ «ሠራተኛዋ ሄደች» ሲባል የምትታሰበው ከገጠር የመጣች ወጣት ናት። ቋንቋው ያለ ምንም ማብራሪያ «ሠራተኛ» የሚላት እርሷን ነው፤ ሌላው ሁሉ «የመንግሥት»፣ «የፋብሪካ»፣ «የቢሮ» የሚል ቅጽል ይጠይቃል። ሕጉ ግን በተቃራኒው ሄዷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996፣ ከዚያም የተካው ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከአዋጁ ወሰን አውጥተው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ተዉት። ለቤት ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች የሰጣት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ከሁሉ አስቀድማ ሠራተኛ የሆነችው ሰው «ሠራተኛ» በሚለው አዋጅ ውስጥ የለችም። የበዓሉ ቀን ዝርዝርና የአዋጁ ዝርዝር ከተለያየ ዓለም የመጡ ቢሆኑም ያስቀሩት ተመሳሳይ ድካም ነው፤ ውኃው፣ ምጣዱ፣ ልጁ።

በጋይንትና በስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲገባ ቃሉ እንደገና ተቆረጠ። (መርሐ «ግብር»፣ አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ ያንኑ አሮጌ ግእዝ ይዞ መጥቷል።) በመርሐ ግብሩ እርከን የሚሠራው፣ መንገድ የሚጠርገው፣ ኩሬ የሚቆፍረው ሰው በቀን ተቆጥሮለት እህል ወይም ገንዘብ ያገኛል፤ ይህ የማኅበረሰብ ሥራ ነው። ጉልበት የሌላቸው ሽማግሌዎችና ሕመምተኞች በ«ቀጥታ ድጋፍ» ይያዛሉ፤ እርጉዝና የምታጠባ ሴትም ለጊዜው ወደዚያ ትዛወራለች። አሳቡ ደግ ነው፤ የተራበችን እርጉዝ ድንጋይ አታሸክሙ የሚል ነው። በመዝገቡ አነጋገር ግን ከሥራ ወጥታ ተረጂ ሆናለች፤ ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃት ወፍጮና እንስራ እንዳለ ሆኖ።

በዚያው ቤት ዘመናዊ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ካለች ደግሞ ከደብተሯ ላይ «የቤት ሥራ» የሚል ርእስ ይገኛል። ቃሉን መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ የሚጽፈው የሒሳብ ጥያቄውን ለማመልከት ነው፤ እናቷ ደጃፍ ላይ ሆና ስትጠራት የምታስበው ሌላውን ነው። ሁለቱም የሚሠሩት ከትምህርት ቤት መልስ፣ ኩራዝ ሳይጠፋ ነው፤ በማግሥቱ የሚታረመው ግን አንደኛው ብቻ ነው።